ምዕራፍ ሰባት፦ ስሙ ተጠርቶ ዝም ስለሚል መሣሪያ

ሰው ሰውን ጠርቶ መልስ ሲያጣ ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አይቸገርም፤ የተጠራው ወይ አልሰማም፣ ወይ ሰምቶ መመለስ አልፈለገም፣ ወይ የተባለው ነገር አልገባውም፣ ወይም መልሶ ሳለ ድምፁ ለጠሪው አልደረሰም ማለት ነውና፣ ጠሪው ገጽታውንና ሁኔታውን አይቶ ከነዚህ አንዱን ይለያል። በዘመናችን በብዙ ቤት በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በቃል የሚታዘዘው፣ በተለምዶ ስማርት ስፒከር የምንለው መሣሪያ ዝም ባለ ጊዜ ግን፣ ፊቱን አይቶ ልቡን ለማወቅ የማይቻል ግዑዝ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግማል፤ ቀጥሎ ይቆጣል፤ በመጨረሻም ገመዱን ነቅሎ እንደ ገና ይሰካል። ገመዱን መንቀል አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል። ነገር ግን መድኃኒቱ ምርመራውን ስለ ቀደመ፣ ሕመሙ በማግሥቱ ሲመለስ ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ምዕራፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ የመሣሪያው ዝምታ አንድ ዓይነት አለመሆኑንና፣ ቃል ከአፍ ወጥቶ መልስ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ በሚሄድበት መንገድ ላይ የት እንደ ተቋረጠ፣ መሣሪያው ራሱ በመብራቱ፣ በድምፁና በሚጽፈው መዝገብ የሚናገር መሆኑን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስሙን ሲጠሩት የሚመጣ ዕቃ የመሥራት አሳብ የትናንት አይደለም። በ1920ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ራዲዮ ሬክስ የተባለ የልጆች መጫወቻ ይሸጥ ነበር፤ ከሴሉሎይድ የተሠራ ትንሽ ውሻ በጎጆው ውስጥ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ ይቀመጥና፣ «ሬክስ» ተብሎ ሲጠራ ማግኔቱ ስለሚለቀው በስፕሪንግ ተገፍቶ ብቅ ይላል። ውሻው ይህን የሚያደርገው ስሙን ዐውቆ አልነበረም፤ በዚያ ስም ውስጥ ያለው አናባቢ በአዋቂ ወንድ አንደበት ሲነገር በሰከንድ 500 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ኀይል ስላለው፣ ያ ርግብግብታ የኤሌክትሪኩን መንገድ ያቋርጥ ስለ ነበረ ነው እንጂ። እንግዲህ ተመሳሳይ አናባቢ ያለው ሌላ ቃል ቢነገርም ውሻው መውጣቱ አይቀርም፤ በአንጻሩ የሴትና የሕፃን አናባቢ ከፍ ባለ ርግብግብታ ላይ ስለሚውል፣ መጫወቻው የተገዛለት ልጅ ራሱ ሲጠራው ከጎጆው ላይወጣ ይችላል። ሳይጠሩት መምጣትና ተጠርቶ መቅረት፣ እነዚህ የሬክስ ሁለት ጉድለቶች ከመቶ ዓመት በኋላም ከዘሩ አልጠፉም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መሣሪያዎች የየዘመናቸውን ጥበብ አሳይተዋል። በ1952 የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት የሠሩት ኦድሪ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቍጥሮች፣ ያውም ለአንድ ሰው ድምፅ ከተስተካከለ በኋላ፣ ይለይ ነበር፤ በ1962 በሲያትል የዓለም ኤግዚቢሽን የታየው የአይቢኤም ሹቦክስ ደግሞ 16 ቃላት ያውቅ ነበር። ከነዚህ ሁሉ በኋላ በኖቬምበር 2014 አማዞን ኤኮን ለገበያ ሲያቀርብ፣ በ2016 ጉግል ሆም፣ በ2018 የአፕል ሆምፖድ ተከተሉት። ሦስቱም በመልክ ቢለያዩም የአሠራራቸው ሥርዐት አንድ ነው፤ ዝምታቸውን ለመመርመር የሚነሣም ሰው ከዚህ ሥርዐት መነሣት አለበት።

መሣሪያው ጆሮው በቤት፣ አእምሮው ግን በሩቅ አገር ነው። በቤት ያለው ክፍል፣ በጥንቱ ቤተ መንግሥት እንደ ነበረው እልፍኝ አስከልካይ፣ ባለጉዳዩ የሚናገረውን የመመርመርም የመወሰንም ሥልጣን የለውም፤ ሥራው ሌሊትና ቀን ደጁ ላይ ቆሞ አንዲት ቃል ብቻ፣ ማለት «አሌክሳ» ወይም «ሄይ ጉግል» ወይም «ሲሪ» የምትለዋን መጠባበቅ ነው። ያችን ቃል የሰማ በመሰለው ጊዜ ደጁን ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው፣ ከቃሉም ጥቂት አስቀድሞ የተነገረው ጭምር፣ በዋይፋይ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩም በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል። በዚያ ድምፁ ወደ ጽሕፈት ይለወጣል፤ ከጽሕፈቱ የተናጋሪው ፈቃድ ይፈለጋል፤ መልስ ይዘጋጃል፤ መልሱም እንደ ገና ድምፅ ሆኖ በሄደበት መንገድ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ሰው ትንፋሹን ስቦ እስኪመልስ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ሁሉም ነገር በመደርደሪያው ላይ ባለችው ዕቃ ውስጥ የሚሆን ይመስለዋል። ብዙዎቹ የከንቱ ድካም ሰዓታት የሚመጡት ከዚህ የተሳሳተ እምነት ነው፤ መንገዱ ተቋርጦ ሳለ ዕቃዋን ሲወለውሉ የሚውሉ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም።

እልፍኝ አስከልካዩ የቆመበት ቦታ አስቸጋሪ ነው። የተጠራ በመሰለው ቍጥር ደጁን ቢከፍት የቤተሰቡ የግል ጨዋታ ሳይፈለግ ወደ ሰርቨር ይጓዛል፤ እርግጠኛ ካልሆነ አልከፍትም ቢል ደግሞ ባለቤቱን ደጅ ያስጠናል። ከሁለቱ አንዱን ፈጽሞ ለማጥፋት ስለማይቻል፣ መሐንዲሶቹ በመካከል አንድ ወሰን ያበጃሉ፤ ወሰኑን ወደ አንዱ ወገን ባስጠጉት መጠን የሌላው ወገን ስሕተት ይበዛል። በ2020 በጀርመን የቦኹም ሩር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የነዚህን መሣሪያዎች ጆሮ ሲፈትኑ፣ ሳይጠሩ የሚያነቁ ከ1000 የሚበልጡ አነጋገሮችን አገኙ፤ የአማዞኗ አሌክሳ «ኢሌክሽን» እና «አንአክሰፕተብል» በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ትነቃ ነበር፤ የጉግሉም መሣሪያ «ኦኬ፣ ኩል» ሲባል የተጠራ ይመስለው ነበር።

መሣሪያው ሰምቶ ሆን ብሎ ዝም የሚልበት ጊዜም አለ። በኤፕሪል 2017 አንድ የአሜሪካ የበርገር ንግድ ቤት የቴሌቪዥን ማስታወቂያውን «ኦኬ ጉግል» በሚል ጥያቄ ስለ ጨረሰው፣ በየቤቱ ያሉ ጉግል ሆሞች ነቅተው ስለ በርገሩ ማንበብ ጀመሩ፤ ጉግልም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያንን የተቀዳ ድምፅ ለይተው እንዳይመልሱ አደረጋቸው። አማዞንም የራሱ ማስታወቂያዎች የየቤቱን ኤኮ እንዳያስነሡ የድምፃቸውን አሻራ አስቀድሞ በመዝገብ ያኖራል። ስለዚህ አንድ ሰው የኤኮን ጆሮ ሊፈትን ፈልጎ የማስታወቂያ ቪዲዮ ከፍቶ ዕቃው ዝም ቢለው፣ ጆሮው ደንቍሯል ብሎ ለመፍረድ አይቸኩል።

ወደ ምርመራው ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ በተጠራ ጊዜ መብራቱ ምን አደረገ? ክብ መብራት ያለውን ኤኮ ለምሳሌ እንውሰድ። ስሙ ሲጠራ ክቡ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል፤ ልብ ብሎ ያየ ደግሞ ከሰማያዊው መካከል ቀለሙ ፈዘዝ ያለ አንድ ቁራጭ ያገኛል፤ ያ ቁራጭ የሚያመለክተው ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ ነው። ይህን ምልክት አብዛኛው ሰው እንደ ጌጥ ያልፈዋል። በእኔ ግምት ግን በመሣሪያው ላይ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ የምርመራ መሣሪያ እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ከሶፋው ላይ ሆኖ ሲጠራ ፈዛዛው ቁራጭ ወደ ሶፋው ሳይሆን ወደ ቴሌቪዥኑ ወይም ወደ ጎኑ ግድግዳ ካመለከተ፣ ዕቃው የሚያዳምጠው የባለቤቱን ድምፅ ሳይሆን የሌላ ምንጭ ድምፅ ወይም የገደል ማሚቶ መሆኑ ያለ ሌላ ምስክር ይታወቃል።

መብራቱ ቀይ ሆኖ ከቆየ ነገሩ ቀላል ነው፤ ማይክሮፎኑ በቁልፍ ተዘግቷል። በኤኮ ራስ ላይ ያለው የማይክሮፎን ቁልፍ ሲጫኑት ኤሌክትሪኩ ከማይክሮፎኖቹ ስለሚቋረጥ፣ በቃልም ሆነ በስልክ አፕሊኬሽን ሊከፍቱት አይቻልም፤ እንደ ገና በጣት መጫን ግድ ነው። አቧራ የሚጠርግ እጅ፣ የሕፃን ጣት፣ ወይም ምሥጢር ለመጫወት የፈለገ እንግዳ ዘግቶት ሊሄድ ይችላል። በጉግል ሆም ይኸው ቁልፍ ከጀርባው፣ በትንንሾቹ ሞዴሎች ከጎኑ የሚገኝ ሲሆን፣ ሲዘጋ ብርቱካንማ ነጥቦች ይበራሉ። ሆምፖድ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ ስለሌለው፣ ማዳመጡ የሚዘጋውና የሚከፈተው በስልክ ላይ ባለው የሆም አፕሊኬሽን ነው። ስለ ቁልፎች ከተነሣ፣ በኦክቶበር 2017 ጉግል ሆም ሚኒ ሊወጣ ሲል ለሙከራ ከተሰጡት አንዳንዶቹ ማንም ሳይነካቸው የተነኩ እየመሰላቸው ቀን ከሌት ሲቀዱ ስለ ተገኙ፣ ኩባንያው ያንን የላይኛውን የመንኪያ ቦታ ከነአካቴው እንዳይሠራ አድርጎታል፤ ስለዚህ የሚኒን አናት ነክቼ አልነቃ አለኝ የሚል ሰው ዕቃው ተበላሽቶበት አይደለም።

መብራቱ ጭራሹን ካልበራ፣ ወይም ዕቃው እየጠፋ የሚነሣ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩን መመርመር ይገባል። የቀደሙት ትንንሽ ሞዴሎች መደበኛ የስልክ ገመድ ይቀበሉ ስለ ነበር፣ የራሳቸው ቻርጀር ሲጠፋ በአሮጌ የስልክ ቻርጀር መተካት የተለመደ ነው። ሁለተኛው ትውልድ ኤኮ ዶት 9 ዋት ሲፈልግ ብዙዎቹ የድሮ የስልክ ቻርጀሮች የሚሰጡት 5 ዋት ብቻ ስለ ሆነ፣ ዕቃው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደኅና መስሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊናገር ሲል ግን ኀይል አጥሮት ይጠፋል። ከአሜሪካ በሻንጣ ተይዞ አዲስ አበባ የመጣ ዕቃ ከሆነ ደግሞ፣ የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት በመሆኑ፣ ሶኬት ላይ ከመሰካት በፊት በቻርጀሩ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ «100–240» የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል፤ አለዚያ ግን ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግድ ነው።

መብራቱ ሰማያዊ ሆኖ ነቅቶ፣ ከዚያ ያለ አንዳች ቃል ሲጠፋስ? ብዙ ሰው ዕቃው ከመደንቆር አልፎ ድዳ የሆነ ይመስለዋል። ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት የድምፁ መጠን ነው፤ ትናንት ማታ ልጆች ሲተኙ ወደ ዜሮ ወርዶ የቀረ እንደ ሆነ፣ ዕቃው ጥያቄውን ሰምቶ፣ መልሱን ከሩቅ አስመጥቶ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ አንብቦ ይጨርሳል። በብሉቱዝ ከሌላ ስፒከር ጋር ተያይዞ ከነበረም መልሱን በዚያ በኩል ሊናገረው ይችላል፤ ያ ሌላው ስፒከር በመኝታ ቤት ተዘግቶበት ቢሆን እንኳ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንመለስ፤ በዚህ ላይ ዘግየት ብሎ መነጋገር ይገባልና። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የመጀመሪያው ኤኮ በራሱ ላይ ሰባት ማይክሮፎኖች ነበሩት፤ ስድስቱ በክብ፣ አንዱ በመካከል ተቀምጠው፣ የአንድ ሰው ድምፅ ወደ አንዱ ቀድሞ ወደ ሌላው ዘግይቶ ሲደርስ፣ የመዘግየቱ መጠን ከሰከንድ አራት ሺሕ ክፍልፋይ አንዱን እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ፣ መሣሪያው ያንን ልዩነት ለክቶ ተናጋሪው በየት በኩል እንዳለ ያውቃል፤ ዐውቆም የዚያን አቅጣጫ ድምፅ አጕልቶ የሌላውን ዝቅ ያደርጋል። ይህ እጅግ የረቀቀ ጥበብ በማእዘን ውስጥ ሲከተት ይዛባል። ከግድግዳ፣ ከመስኮት መስተዋትና ከሴራሚክ ወለል ተንጸባርቆ የሚመጣው ድምፅ ዋናውን ተከትሎ ስለሚደርስ፣ ዕቃው አንዱን ቃል ከብዙ አቅጣጫ ደራርቦ ይሰማል። ስለዚህም አማዞን ኤኮን ከግድግዳና ከመስኮት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት ይላል። ምንጣፍ፣ መጋረጃና ሶፋ ያለበት ሳሎን ከባዶ ወጥ ቤት ይልቅ ለጆሮው ይስማማዋል።

ርቀቱም ሕግ አለው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ ኀይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ከአንድ ሜትር የተናገረ ሰው ወደ አራት ሜትር ሲርቅ ለማይክሮፎኑ የሚደርሰው ኀይል ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ብቻ ነው። በአንጻሩ በዕቃው አጠገብ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ወይም የቴሌቪዥን ድምፅ ከቦታው ስለማይነቃነቅ፣ ባለቤቱ እየራቀ በሄደ መጠን ያ ጫጫታ ከባለቤቱ ድምፅ ይልቅ እየበረታ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የተለመደው መፍትሔ መጮኽ ነው፤ ጩኸት ግን አነጋገሩን ስለሚለውጠው፣ አናባቢው ተጐትቶ ተነባቢው ስለሚዋጥ፣ በተረጋጋ አነጋገር ድምፅ የሠለጠነውን ዕቃ የበለጠ ያደናግረዋል። ዕቃውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንሥቶ ወደ ተናጋሪው አንድ ሁለት ሜትር ማቅረብ ከማናቸውም ጩኸት ይበልጣል።

ዕቃው ራሱ በሚዘፍንበት ጊዜ ስሙን መስማቱም የሚያስደንቅ ነው። የሚያወጣውን ሙዚቃ አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ማይክሮፎኖቹ ከሰሙት ጠቅላላ ድምፅ የራሱን ቀንሶ በተረፈው ውስጥ ስሙን ይፈልጋል። ነገር ግን ድምፁ ከመጠን በላይ ከፍ ሲል የስፒከሩ አካል እየተንቀጠቀጠ ከተላከለት ሙዚቃ የተለየ ድምፅ ስለሚያወጣ ሒሳቡ አይገጥምም፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ተነሥቶ ሄዶ የመቀስቀሻውን ቁልፍ ቢጫን ነውር የለበትም። መስኮቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ በ2019 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲና የቶኪዮ ኤሌክትሮኮሙኒኬሽን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ እነዚህ ደቃቅ ማይክሮፎኖች ብርሃንን እንደ ድምፅ «እንደሚሰሙ» ደርሰውበት፣ እስከ 110 ሜትር ርቀት ላይ ሆነው በሌዘር ጨረር ትእዛዝ ሰጥተዋል። በየቤቱ የሚደርስ አደጋ ነው ለማለት አይደለም፤ ዕቃውን በመስኮት ደፍ ላይ ላለማስቀመጥ ግን ሌላ ምክንያት ይሆናል።

ጆሮው ደኅና ሆኖ፣ ነቅቶም፣ «ልረዳዎት ተቸግሬአለሁ» ወይም «ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አልቻልኩም» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ካሰማ፣ ጥፋቱ ከመደርደሪያው አልፎ ወደ መንገዱ ሄዷል። ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት የራውተር መለወጥ ወይም የይለፍ ቃል መቀየር ነው። ስልክና ኮምፒውተር አዲሱን ቃል ሲጠይቁ ሰው ይጽፍላቸዋል፤ ስክሪን የሌላት ይህች ዕቃ ግን የድሮውን ስምና ቃል ይዛ፣ ከእንግዲህ የሌለውን ኔትወርክ ስትፈልግ ትኖራለች። ቤት ውስጥ ብዙ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ያሉት ሰው፣ ለአዲሱ ራውተር የድሮውን የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል አንዲት ፊደል ሳይለውጥ ቢሰጠው፣ አብዛኞቹ ሌላ ድካም ሳይጠይቁት ራሳቸው ይገናኛሉ። በሆቴልና በተማሪዎች መኖሪያ ያለው ዋይፋይ ደግሞ መጀመሪያ በገጽ ላይ «እስማማለሁ» የሚል ነገር እንዲጫኑ ስለሚጠይቅ፣ ስፒከሩ በቀጥታ ሊገባበት አይችልም፤ በስልክ ሆትስፖት መሞከር ይቀላል።

ዋይፋይ በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይሄዳል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይደርሳል፣ ነገር ግን የጎረቤቱ ራውተር፣ ብሉቱዙና በዚያው አካባቢ የሚሠራው የማይክሮዌቭ ምድጃ ያጨናንቁታል፤ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣንና ንጹሕ ሲሆን በግድግዳ ላይ ይደክማል። ምግብ በማይክሮዌቭ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ ዝም የሚል ስፒከር ያለው ሰው ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ የለበትም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ በቤቱም በመንገዱም ሳይሆን በማዶ ይሆናል። በዲሴምበር 7 ቀን 2021 እና በኦክቶበር 20 ቀን 2025 በሰሜን ቨርጂኒያ ባለው የአማዞን የሰርቨሮች ማዕከል በደረሰ እክል ምክንያት አሌክሳ በብዙ ቤት ዝም ብላለች፤ የሁለተኛው መነሻ ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው አድራሻ የሚፈላለጉበት ዲኤንኤስ የተባለው መዝገብ ስሕተት ነበር። እዚያው ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን፣ የስፒከራቸው አእምሮ ከቤታቸው ጥቂት ማይል ርቆ ታሞ ሳለ፣ ራውተራቸውን ሲነቅሉና ሲሰኩ የዋሉ አይጠፉም። ስለዚህ በስልኩ ላይ ሌላው ኢንተርኔት ሁሉ እየሠራ ስፒከሩ ብቻ ዝም ያለበት ሰው፣ ምንም ሳይነካ አንድ ሁለት ሰዓት ቢታገሥ ድካሙን ያተርፋል።

መልሱ ከሌላ ክፍል የሚመጣበትም ሁኔታ አለ። በአንድ ቤት ብዙ ኤኮ ሲኖር ሁሉም ስማቸውን ይሰሙና፣ ከመካከላቸው አብልጦ የሰማው ብቻ እንዲመልስ ይደረጋል፤ አጠገብ ያለው በመጽሐፍ ተጋርዶ በኮሪደሩ ያለው ግን ግልጥ ከሆነ፣ ትእዛዙን የሚፈጽመው የኮሪደሩ ነው። ዕቃዎቹ በባልና በሚስት ሁለት ልዩ ልዩ አካውንት የተመዘገቡ እንደ ሆነ ግን ይህ ስምምነት ስለማይሠራ፣ ወይ ሁለቱም በአንድነት ይመልሳሉ፣ ወይም አንደኛው በሌላው አካውንት የተመዘገበውን የቤት መብራት እንዲያበራ ሲታዘዝ «እንዲህ ያለ ዕቃ አላገኘሁም» ይላል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ካልረዳ፣ ሪሴት ከማድረግ በፊት አንድ መዝገብ መገለጥ አለበት። በአሌክሳ አፕሊኬሽን ውስጥ በግላዊነት ክፍል ያለው የድምፅ ታሪክ፣ ዕቃው የሰማውን ሁሉ በሰዓትና በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ የጉግልም እንዲሁ በአካውንቱ የእንቅስቃሴ ገጽ ላይ አለ። ባለቤቱ አልሰማኝም ባለበት ሰዓት በመዝገቡ ላይ ምንም ከሌለ፣ እልፍኝ አስከልካዩ ደጁን አልከፈተም፣ ወይም መንገዱ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ሌላ የተጣመመ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ከተገኘ ግን፣ ድምፁ ደርሶ የተሳሳተው አተረጓጐሙ ነው። በነገራችን ላይ ይህ መዝገብ ለምርመራ የሚጠቅመውን ያህል ለሐሜትም ይመቻል፤ ከማርች 2025 ወዲህ አማዞን ድምፅ ወደ ሰርቨር ሳይላክ በቤት እንዲቀር ያስችል የነበረውን ምርጫ ስላስቀረ፣ ምሥጢሩን የሚጠብቅ ሰው መዝገቡን በየጊዜው ማጥፋት ይኖርበታል።

ሪሴት የመጨረሻው ነው፤ የዋይፋዩን ስምና በዕቃው ላይ የተደረገውን ማስተካከያ ስለሚደመስስ። በሦስተኛው ትውልድ ኤኮ ዶት የመቀስቀሻውን ቁልፍ ለ25 ሰከንድ፣ በመጀመሪያው ጉግል ሆም የጀርባውን የማይክሮፎን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት ነው፤ ሆምፖድን ደግሞ ነቅሎ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ እንደ ገና ሰክቶ፣ አናቱን ተጭኖ ነጩ መብራት ቀልቶ ሦስት ጊዜ እስኪጮኽ መጠበቅ ነው። ከዚህ በኋላም የማይሰማ ከሆነ ማይክሮፎኑ ራሱ ሞቷልና ዋስትናው ያላለቀበት ሰው ይለውጠው።

የቀረው አንድ የዝምታ ዓይነት ነው፤ ይህንንም ቁልፍም ራውተርም አይፈውሰውም። መሣሪያው የሚሰማው የሠለጠነበትን ድምፅ ነው። በ2020 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአማዞንን፣ የአፕልን፣ የጉግልን፣ የአይቢኤምንና የማይክሮሶፍትን የድምፅ ማወቂያዎች ፈትነው፣ ከነጭ አሜሪካውያን አነጋገር ከ100 ቃላት በአማካይ 19ኙን፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ግን 35ቱን እንደሚስቱ አሳትመዋል። እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጋር የተማሩት ሰዎች ነገር እንዲህ ከሆነ፣ በአማርኛ አንደበት እንግሊዝኛ ለሚናገር ወገን ዕቃው ቢደናቀፍ ሊገርመን አይገባም። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አባት የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ሲያዝ ስሙን አስተካክሎ ከጠራው፣ የ«ጥ»ን ድምፅም ሆነ የ«ሠ»ን መጥበቅ የእንግሊዝኛ ሥርዐተ ድምፅ ስለማያውቃቸው፣ መሣሪያው ቅርብ ሆኖ ባገኘው በሌላ ስም ይተረጕመዋል። የሚሠራው ዘዴ ዘፈኖቹን በስልክ ላይ በአንድ ዝርዝር ሰብስቦ ለዝርዝሩ ቀላል የእንግሊዝኛ ስም ማውጣት፣ ወይም በአፕሊኬሽኑ ውስጥ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ሐረግ ሲባል ያ ዝርዝር እንዲከፈት ማዘዝ ነው። ጉዳዩን ግን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

አሌክሳ ሂንዲና ዐረብኛ ስታውቅ አማርኛ አታውቅም። የአማርኛ ድምፅ ለማሽን የማይገባ ሆኖ አይደለም፤ ጉግል በ2017 አማርኛን በድምፅ ለመጻፍ ከሚያስችሉት ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ ከዚያም አስቀድሞ በ2005 ዶክተር ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው የ100 ሰዎችን ንባብ 20 ሰዓት ያህል ቀድተው ለምርምር አቅርበዋል። ይሁን እንጂ በ2022 የወጣው ዊስፐር የተባለው የድምፅ ማወቂያ የሠለጠነው በ680,000 ሰዓት ድምፅ ስለ ሆነ፣ 20 ሰዓት ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። የሞዚላ ድርጅት ኮመን ቮይስ በሚባለው የድምፅ ማከማቻ ማንም ሰው በስልኩ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ሊያስቀዳ፣ የሌላውንም ንባብ ሰምቶ ሊያርም ይችላል፤ አማርኛም በዚያ ቦታ አለው። የጎጃሙም፣ የወሎውም፣ የጎንደሩም፣ የሸዋውም አነጋገር፣ የሽማግሌውም የሕፃኑም ድምፅ ያስፈልጋልና፣ አንባቢ ሆይ፣ ስፒከርህ ሳይሰማህ በቀረበት በአንዱ ምሽት ገመዱን ከመንቀል ይልቅ ገብተህ ጥቂት ዓረፍተ ነገር አንብብ።